ሽማግሌ ልኬ ሽቦ ያቃጠልኩበት ቀን

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2014፣ ነሐሴ ላይ፣ ሎስ አንጀለስ በሙቀት በምትቀቀልበት ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈውታል። እስከ ዛሬ ግን ኮፈኑን ከፍቶ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ቀጥሎ አፍራለሁ። ሚስቴ "ጻፈውና ይውጣልህ" ብላኛለች። ይኸው እንዲወጣልኝ እየጻፍኩ ነው።

ያኔ ገና ሚስቴ አልሆነችም። ማህሌት ትባላለች፤ ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ተዋድደን፣ ተስማምተን፣ የቀረን የአባቷ እሺታ ብቻ ነበር። "ብቻ" ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። አባቷ ጋሽ ታደሰ ወደቡ አካባቢ ባለ መጋዘን ሱፐርቫይዘር ናቸው፤ ቤታቸውንም እንደ መጋዘኑ ነው የሚያስተዳድሩት ይባላል። ለታላቋ ልጃቸው የተላኩትን ሽማግሌዎች "እናስብበት" እያሉ ዓመት ሙሉ አመላልሰዋቸዋል። ማሂ ደግሞ ቁርጡን ነግራኛለች።

"ዳኒ፣ አባዬ ከአፉ እሺ ካላለ እኔ አላገባም። ሶ፣ ጥሩ ሽማግሌ ፈልግ።"

ፈለግኩ። የእኛ ሰው በሚበዛበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ሽማግሌ አይጠፋም። ዋናው ተናጋሪ ጋሼ በቀለ ሆኑ፤ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ አንደበታቸው የጣፈጠ፣ ግን ደግሞ እልኸኛ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ እዚያው ፌርፋክስ ላይ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ግን ክፉኛ ያማቸዋል። ሦስተኛው ጋሽ ጳውሎስ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። ከ"አሜን" ሌላ ቃል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ችግሩ መኪና ነበር። ጋሼ በቀለ ጡረታ በወጡ ማግስት "ሁለተኛ ፍሪዌይ አልወጣም" ብለው ምለዋል። ጋሽ ሰይድ በጉልበታቸው የተነሳ አይነዱም። ጋሽ ጳውሎስ ይነዳሉ፤ ግን ከእሳቸው ጋር ሎንግ ቢች ለመድረስ ስንቅ መቋጠር ያስፈልጋል። በወጉ ከሆነ ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው ጥፍሩን የሚበላው። እኔ ግን ራሴ አድርሻቸው፣ ከቤቱ ራቅ ብዬ ጥግ ላይ ተደብቄ ጠብቄ፣ ራሴ ልመልሳቸው ተስማማን።

"በዚያች መኪናህ?" አሉ ጋሼ በቀለ።

መኪናዬ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ የተሠራች የጃፓን ሴዳን ነበረች። ከአንዴም ሁለቴ 405 የሚባለው ፍሪዌይ ላይ ትራፊክ ሲጨናነቅ ጋሼ በቀለን እንደጫነች ፈልታለች።

"ስማ ዳንኤል፣ እኔ የሰው ልጅ ልጠይቅ የምሄደው እንደ ሽሮ በምትንተከተክ መኪና አይደለም። ደግሞም በሱፍ ልብስ ነው የምንሄደው፤ ኤሲ ያስፈልጋል።"

ጤነኛ ሰው ቢሆን አንድ ቀን መኪና ተከራይቶ ይገላገል ነበር። እኔ ግን ካልቨር ሲቲ አንድ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ ስለምውል፣ እጄን በግሪስ ማቆሸሽ ያምረኛል። አምሮቴ ነው ጉድ የሠራኝ። ኢንተርኔት ላይ አንድ ጺማም ፈረንጅ በቪዲዮ ሲያስተምር አገኘሁ። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን፣ ሞተሩ ራሱ የሚያዞረውን የድሮ ፋን አውጥቶ፣ በምትኩ ሁለት የኤሌክትሪክ ፋኖች ይገጥማል። ፋኖቹ ኤሌክትሪክ በላተኛ ስለሆኑ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞም በትልቅ መቀየር አለበት። "ቀላል ነው" አለ ፈረንጁ። እኔም እንደ ወንድሜ አመንኩት።

ሁለቱንም ከአሮጌ መኪና መበታተኛ ግቢ አመጣሁ። ኢንግልዉድ ከአፓርታማዬ ጀርባ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዤ ስንት ቅዳሜ በጀርባዬ ተኛሁ። ናስትሮ አልቆጠብኩም። አንድ ሽቦ ባገናኘሁ ቁጥር እየደጋገምኩ እጠቀልላለሁ፤ በመጨረሻ ኮፈኑን ስትከፍቱት ውስጡ ከአደጋ የተረፈ ሰው በፋሻ ተጠቅልሎ የተኛ ይመስል ነበር።

ሁለት ነገር ግን ዘለልኩ። አንደኛ፣ ፈረንጁ ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን የድሮውን ቀጭን ሽቦ በወፍራም ስለመቀየር ብዙ ያወራል። አሰልቺ ክፍል ስለነበረ አሳልፌ የሚያምረውን ክፍል አየሁ። ሽቦ ያው ሽቦ ነው ብዬ። ሁለተኛ፣ መኪናው ሲጠፋ ፋኖቹ አብረው እንዲጠፉ ማድረግ ነበረብኝ። እኔ ቀጥታ ከባትሪው ጋር አጋባኋቸው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያቺ ሙቀት የምትለካው ነገር ራሷ ታጠፋቸዋለች ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያስነሳሁ ቀን ፋኖቹ ሲያጓሩ ጎረቤቶቼ ወጥተው ሰማይ ሰማይ አዩ። አካባቢያችን ለኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን መስሏቸው ነው። እኔ ደረቴን ነፍቼ ሰላም አልኳቸው።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጫንኩና ወጣን። ፍሪዌዩ እንደ ልማዱ ተዘግቷል፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ የመኪናዬ የሙቀት ቆጣሪ ግን ንቅንቅ አላለም። ኤሲው ይነፍሳል። ጋሽ ሰይድ "ቀዘቀዘኝ፣ ቀንስልኝ" እስከማለት ደረሱ። ጋሼ በቀለ እንኳን "አሁን ገና መኪና ሆነች" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህን መስማት ማለት ሽልማት ነው። በልቤ "ይህን ያህል ከሠራሁማ የቢሮውን ሥራ ትቼ ጋራዥ ብከፍትስ?" ማለት ጀመርኩ።

ሎንግ ቢች ስንደርስ መደበቁ አልሆነልኝም። ጋሽ ሰይድ ብዙ መራመድ ስለማይችሉ በሩ ላይ አወረድኳቸው። ከዚያ መንገዱን ብዞር፣ ብዞር፣ ፓርክ የማደርግበት ጠፋ። ሰፈሩ ውስጥ ግብዣ ነበር መሰለኝ መኪና ጢም ብሏል። ያገኘኋት አንዲት ባዶ ቦታ ከእነ ማሂ ቤት ቀጥሎ ካለው ቤት ፊት ለፊት ነበረች። ከሳሎናቸው መስኮት በቀጥታ ትታያለች። ምን ላድርግ? ፓርክ አደረግኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ዘርግቼ ሱፍ ልብሴን እንደለበስኩ ተጋደምኩ።

ሞተሩ ጠፋ። ፋኖቹ ግን አልጠፉም።

አሁን ይጠፋሉ፣ አሁን ይጠፋሉ እያልኩ ጠበቅኩ። በዚያ ሙቀት ማን ይቀዘቅዛል? ያጓራሉ። ወርጄ ሽቦውን እንዳልነቅል እታያለሁ። በዚህ መሃል ማሂ ከኩሽና ሆና ቴክስት ታደርግልኛለች።

"ገብተዋል። አባዬ ተቀመጡ ብሎ ነበር፣ ጋሼ በቀለ እምቢ አሉ።"

ይህ የሽማግሌ ወግ ነው። የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። ዛሬ ዛሬ ብዙው ሽማግሌ ለወጉ ያህል ትንሽ ቆም ይልና አንዴ ሲለመን ዘፍ ይላል። ጋሼ በቀለ ግን እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደሉም። እሳቸው ቆሙ ማለት ቆሙ ነው።

"ጋሽ ሰይድ ግድግዳ ተደግፈዋል፣ አሳዘኑኝ" አለች ማሂ። ቀጥሎ፦ "አባዬ ልጁን አላውቀውም እያለ ነው።" ቀጥሎ ደግሞ፦ "ዳኒ፣ ያ የሚጮኸው ነገር ምንድን ነው? እዚህ ድረስ ይሰማል። አባዬ በመስኮት እያየ ነው!"

ከወንበሩ ወርጄ ፔዳሎቹ ጋ ተሸጎጥኩ። እዚያ እንደተጣጠፍኩ የፋኖቹ ጩኸት እየቀነሰ መጣ። ተመስገን አልኩ። ከዚያ በድንገት ገባኝ፤ የቀዘቀዘው ሞተሩ አይደለም፣ እየሞተ ያለው ባትሪው ነው። ባትሪው ከሞተ ደግሞ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች በምን ይመለሳሉ? ዘልዬ ወንበሬ ላይ ወጣሁና ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዋ እንደ ታማሚ ካቃሰተች በኋላ እንደ ምንም ተነሳች።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ የመጣው። ባትሪው ባዶ፣ ፋኖቹ የራባቸው፣ ኤሲው የተከፈተ። ያ ትልቅ ዲናሞዬ ደግሞ ለጋስ ነው፤ ያለውን ሁሉ በዚያች ቀጭን ሽቦ በአንዴ ላከው።

ማሂ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ልክ በዚያች ሰዓት ጋሼ በቀለ ሳሎን ውስጥ ስለ እኔ እየተናገሩ ነበር። "ልጃችን ዳንኤል የተረጋጋ ነው። የማያውቀውን ነገር አይነካካም። ሁሉን አስቦ፣ መዝኖ ነው የሚያደርገው..." ጋሽ ታደሰ በመስኮት እያዩ፣ "ያ ጭስ ምንድን ነው?" አሉ።

እኔ የሽታው ነገር አፍንጫዬን ሲመታኝ ሞተሩን አጥፍቼ ዘልዬ ወረድኩ። ኮፈኑን ብከፍተው ሽቦዬ ፍም መስሏል፤ ያ ሁሉ ናስትሮ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። የሽቦው ልባስ ቀልጦ ከመኪናዋ ብረት ጋር ተጣብቆ ኖሯል፤ ሞተሩ ቢጠፋም የቀረችው ባትሪ ታቃጥለዋለች። ባትሪውን መንቀል እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን በምን? መፍቻው የኋላ ሻንጣ ውስጥ፣ ከስንት ኮተት ሥር ነው።

ዞር ስል አንድ ቆፍጣና፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ እየጎተቱ ወደ እኔ ይሮጣሉ። ፎቶ ላይ ስላየኋቸው ወዲያው አወቅኳቸው። ጋሽ ታደሰ!

"ዞር በል አንተ!"

"ውሃ አይርጩ ጋሼ! ይነዝርዎታል!"

ረጩት። እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በመኪናዋና በእሳቸው መሃል ገብቼ ወገባቸውን አቀፍኩና ሣሩ ላይ ገፈተርኳቸው። ውሃው ፊቴን፣ ከረባቴን፣ ያለችኝን አንዲት ሱፍ ልብስ አጠባት። ከዚያ ኮቴን በእጄ ጠቅልዬ የባትሪውን ገመድ ከነማሰሪያው ጎትቼ ነቀልኩት። ጭሱ ቀስ በቀስ ቆመ።

ጋሽ ታደሰ ከሣሩ ላይ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ።

"ማነህ አንተ?"

በዚያ ሰዓት እኔ እዚያ መገኘት የለብኝም። "ሹፌር ነኝ" አልኩ። "ሽማግሌዎቹን ያመጣሁ።"

ወደ ኮፈኑ ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄን ማነው የሠራው?"

"የመኪናው ባለቤት ነው ጋሼ።"

"መካኒክ ነው?"

"አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው።"

"ጤነኛ ነው?"

"እሱን እንኳን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም" አልኩ።

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ማሂ ከቤት እየሮጠች ወጣች። "ዳኒ! ዳኒዬ! ተቃጠልክ እንዴ? እጅህን አሳየኝ!" ብላ በሁሉም ፊት እጄን ያዘች። ጋሽ ታደሰ እጇን አዩ፣ እጄን አዩ፣ ከዚያ በሩ ላይ የቆሙትን ሽማግሌዎች አዩ። ጋሼ በቀለ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያልኩ ነበር፤ ሁሉም ነገር እንዳበቃለት ገባኝ። ጋሽ ሰይድ አጥሩን እንደተደገፉ ጣልቃ ገቡ።

"ልጁን አላውቀውም ሲሉ አልነበር? ይኸው ታወቀ።"

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ታደሰ ተመልሰው ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ አሉ። ስድብ ስጠብቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እነዚህን ፋኖች ከየትኛው መኪና ነው ያመጣሃቸው?" አሉኝ።

"ታደሰ! እንዳትጀምር!" የሚል ጩኸት ከበሩ መጣ። የማሂ እናት እትዬ ውብነሽ ናቸው። "የልብስ ማጠቢያ ማሽኔን አሻሽላለሁ ብሎ ጋራዡ ውስጥ ከፈታታው ጀምሮ የሰው ቤት እየዞርኩ ነው የማጥበው! አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ሰው ልታመጣብኝ ነው?"

ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መልሰው ሱፐርቫይዘር ሆኑ። "እንግዲህ ዛሬ እንደምታዩት አልተመቸም። እናስብበት። ሌላ ቀን ትመለሳላችሁ። አሁን በእኔ ቫን ፌርፋክስ አደርሳችኋለሁ።" የ"እናስብበት"ን ትርጉም ታላቅ እህቷ አሳይታናለች። ማሂ እጄን አጥብቃ ያዘችው፤ እንባዋ መጥቷል።

ቫኑ መጣ፤ በሩ ተከፈተ።

"ግቡ" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ጋሼ በቀለ አልተንቀሳቀሱም። "ገብተንስ?"

"ትቀመጣላችኋላ!"

"ጋሽ ታደሰ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለናል። የሳሎን ወንበርም ሆነ የመኪና ወንበር ለእኛ አንድ ነው።"

"እንዴ! እስከ ፌርፋክስ ቆማችሁ ልትሄዱ ነው?"

"በእግራችን እንሄዳለን።"

"በእግራችን?" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ያ አላህ!"

ጋሼ በቀለ የሱፋቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና መንገድ ጀመሩ። እውነታቸውን ነው። ከሎንግ ቢች ፌርፋክስ በመኪና ራሱ ያሰለቻል። ጋሽ ጳውሎስ ተከተሏቸው። ጋሽ ሰይድ አንዴ ቫኑን፣ አንዴ ጓደኞቻቸውን እያዩ፣ እያነከሱ ከኋላ ሄዱ። ጎረቤቶች ወጥተዋል። አንዲት ፈረንጅ "እነዚህ አባቶች እርዳታ ይፈልጋሉ?" ብላ ትጠይቃለች።

"ታደሰ" አሉ እትዬ ውብነሽ፣ አሁን ድምፃቸው ተለውጧል። "ሽማግሌ ከደጃችን በእግሩ? በዚህ ፀሐይ? ኧረ ነውር ነው!"

ጋሽ ታደሰ እኔን አዩኝ። ውሃ ይንጠባጠብብኛል፤ ኮቴ እጅጌው ላይ ተቃጥሏል። ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞረው በመጋዘን ድምፃቸው ጮኹ።

"በቃ! እሺ! እሺ ብያለሁ! ኑና ተቀመጡ!"

"አሜን!" አሉ ጋሽ ጳውሎስ። ያን ያህል ድምፅ እንዳላቸው ማናችንም አናውቅም ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከሁሉም ቀድመው ቫኑ ውስጥ ወደቁ። "ሠርጉ ላይ ምግብ ባትሰጡኝ ግድ የለም፣ ወንበር ስጡኝ" አሉ። እትዬ ውብነሽ እልል አሉ። እኔ እዚያ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደግነቱ ውሃ በውሃ ስለነበርኩ ማንም አላወቀብኝም።

ከሠርጉ በኋላ መኪናዋን በአማቴ ጋራዥ ውስጥ አብረን ሠራናት፤ በዚህ ጊዜ በወፍራም ሽቦ። አንድ ቀን ጎን ለጎን ጎንበስ ብለን ስንሠራ ጋሽ ታደሰ ሳልጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

"ያን ዕለት ዓመት ላመላልሳችሁ ነበር ሐሳቤ። ሹፌር ነኝ ስትል ውሸታም መሆንህን አወቅኩ። ኮፈኑን ሳይ ደግሞ ጅል መሆንህን። ግን ውሃውን ስረጭ መኪናህ እየተቃጠለች እሷን ትተህ እኔን ነው ያዳንከው። 'ይነዝርዎታል' ብለህ መሃል ገባህ። ልቤ ያኔውኑ እሺ ብሎ ነበር፤ በቀለ ያስለቀቀኝ አፌን ነው።"

ዓይናቸው ላይ እንባ ነበር። እኔ ዓይኔን ሰብሬ መፍቻውን አቀበልኳቸው። ምክንያቱም ያኔ የዘለልኩትን የቪዲዮውን ክፍል ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ከዚያም አልፌ አንብቤያለሁ። የመኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ውሃ ቢረጩበትም ሰው አይነዝርም። እኔ ያን ዕለት አንድ የተከበሩ አባት ሣር ላይ የገፈተርኩት፣ ሱፍ ልብሴንም ያበላሸሁት፣ ከሌለ አደጋ ላድናቸው ብዬ ነው።

እስካሁን አልነገርኳቸውም። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም እስካሁን አልተሠራም፤ አሁን ሁለት ሆነን ነው የምንፈታታው። ማሂ አምፖል እንኳን አታስነካኝም። ያን ቀን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፤ ግን ሽቦዋ ባትቃጠል ኖሮ ዛሬም "እናስብበት" ላይ ቆሜ የምቀር ይመስለኛል። ጋሽ ታደሰ ይህን ጽሑፍ ማንበባቸው አይቀርም። ቢያነቡትም አልፈራም። እሺ ብለዋል፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ አሜንም ተብሏል።